ምዕራፍ 7፦ ያረጀ ፋይል ወደ ጎተራ ሲገባ

ስለ ሊኑክስ ከተጻፉ መማሪያዎች ውስጥ ደሜን የሚያፈላ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ሲታይም ፋይሉ የተፈጠረበትን ጊዜ ያሳያል።» አያሳይም! በእንግሊዝኛ «መፍጠር» እና «መለወጥ» የሚሉት ቃላት በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ አንዱ ጸሐፊ ተሳሳተ፣ ሌላው ከእሱ ገለበጠ፣ ስሕተቱም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲወራረስ ኖረ። ሲታይም የሚይዘው የፋይሉ ይዘት፣ ባለቤት ወይም ፈቃድ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ሰዓት ነው። አንድ የ10 ዓመት ፋይል ላይ ትናንት ፈቃዱን ቢቀይሩ፣ በሲታይም ዓይን ፋይሉ የትናንት ልጅ ነው።

ይህን የማነሣው ክርክር ስለምወድ ብቻ አይደለም። የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈ ፋይሎችን ከሥራ ሰርቨር አንሥቶ ወደ ማኅደር የሚያሸጋግር ስክሪፕት ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ዕድሜው ከየት ይቆጠራል?» ብሎ መጠየቅ ስላለበት ነው። ትዕዛዞቹ ቀላል ናቸው። ጣጣው ያለው ቀኑ ላይ ነው።

ተርሚናል እንዴት እንደሚከፈት፣ ስክሪፕት እንዴት እንደሚሄድ እዚህ አላስተምርም፤ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ትዕዛዞቹንም የምጽፋቸው አፋችን እንደሚጠራቸው ነው፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ያስገቧቸዋል።

ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሥራ ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል። ለዕለት የሚሆነው እህል ቤት ውስጥ በጎታ ይቀመጣል፤ ቶሎ የማይፈለገው ደጅ ካለው ጎተራ ይገባል። ሰርቨሩ ጎታ ነው፤ ማኅደሩ ጎተራ። ጎታው የሚጸዳው እህሉ ስለተጠላ አይደለም፤ ለአዲሱ ቦታ ለመልቀቅ ነው። እህሉ ሲወጣ በቁና ይሰፈራል፣ ሲገባም ይሰፈራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መንገድ ላይ የፈሰሰ አለ ማለት ነው። ለዘር የተለየ እህል ደግሞ፣ ቤቱ ቢራብም አይነካም፦ በክስ ወይም በኦዲት የተያዘ ፋይል እንዲሁ ነው፤ የማቆያ ጊዜው ቢያልፍም ስክሪፕቱ ሊዘለው ይገባል። ነቀዝም አለ፤ ዲስክ ላይ የተኛ ፋይል ማንም ሳይነካው ሊበላሽ ይችላል። አይጥ ያልተፈቀደለት ገቢ ነው፤ የጎተራው ክዳን የፎልደሩ ፈቃድ ነው። ድመትስ? ሊኑክስ ውስጥ «ካት» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ግን ስሙ ከድመት ሳይሆን «ማያያዝ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፣ አይጥም አይዝም። እሺ፣ እዚህ ላይ ጎተራውን ከመጠን በላይ ሞላሁት።

ወደ ሥራው እንግባ። ያረጀውን የሚፈልግልን «ፋይንድ» ነው። የፎልደሩን ስም እንሰጠዋለን፣ ፋይል ብቻ እንጂ ፎልደር እንዳያመጣ «ታይፕ ኤፍ» እንለዋለን፣ ከዚያም «ኤምታይም ፕላስ 90» እንጨምራለን። ኤምታይም ይዘቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ጊዜ ነው፤ ለአብዛኛው ሥራ የምንፈልገውም እሱን ነው። ኤታይም የተነበበበትን ጊዜ ይናገራል ይባላል፣ ነገር ግን ሊኑክስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፍጥነት ሲል በእያንዳንዱ ንባብ አያድሰውም፤ አትመኑት።

«ፕላስ 90» ማለት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት «90 ቀን የሞላው» ማለት አይደለም። ፋይንድ የፋይሉን ዕድሜ ለ24 ሰዓት ያካፍልና ትርፉን ይጥላል። 90 ቀን ከ23 ሰዓት የሆነው ፋይል ለእሱ 90 ነው፤ 90 ደግሞ ከ90 አይበልጥም። ስለዚህ የሚይዘው ሙሉ 91 ቀን የሞላውን ነው። ለጊዜያዊ ፋይል ልዩነቱ ምንም አይደለም። መመሪያ ለሚጠብቅ ሰው ግን አንድ ቀን አንድ ቀን ነው።

ዓመት ሲሆን ነገሩ ይከፋል። «5 ዓመት ይቆይ» የተባለን ሰነድ ብዙው ሰው 365ን በ5 አባዝቶ 1825 ይላል። በየትኛውም 5 ተከታታይ ዓመት ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ትክክለኛው ቁጥር 1826 ወይም 1827 ነው። በዚያ ላይ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ዓመት የሚዘጉት በሰኔ 30 ነው፤ «የ2012 በጀት ዓመት ሰነድ» ሲባል ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ነገር የለም። መፍትሔው ቀን መቁጠርን ትቶ ቀን መጥራት ነው። የፋይንድ «ኒወር ኤም ቲ» የሚለው ምርጫ ከተጠቀሰው ቀን በኋላ የተለወጠውን ይለያል፤ ፊቱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ሲያደርጉበት ተገላቢጦሹን ያመጣል። ሐምሌ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ ጁላይ 8 ቀን 2020 ነው፤ ያንን ቀን ሰጥተውት «ከዚህ ያልበለጠውን አምጣ» ቢሉት፣ እስከ ሰኔ 30 ምሽት የተለወጠው በሙሉ ይመጣል። ሐምሌ 1 በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል፣ ስክሪፕቱ ውስጥ በየዓመቱ የሚቀየረው ዓመቱ ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ግን ወርም ዓመትም አያውቅም። የሚያውቀው ሰከንድ ነው፤ የሚቆጥረውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ይህን ቁጥር በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ሥርዓቶች ቦታ የሚያልቅባቸው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ? በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ! በሚቀጥለው ሰከንድ ሰዓታቸው ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ታቦቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይነሣ ማለት ነው። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያልነውን ላጠቃልል። አንደኛ፣ ዕድሜን በኤምታይም እንጂ በሲታይም አንቆጥርም። ሁለተኛ፣ ለዓመታት የሚቆይ ሰነድ በቀን ብዛት ሳይሆን በተጠራ ቀን ይለያል። ሦስተኛ... ሦስተኛውን ከመናገሬ በፊት ግን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን የማኅደር ስክሪፕቴን፣ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሣው በ«ክሮን» በየሌሊቱ እንዲሄድ አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይሂድ ብዬ ሰዓቱን 8 አልኩት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ክሮን ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የእሱ 8 የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በማግስቱ ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ስክሪፕቴም ሥራ ገባ። ከሂሳብ ክፍል አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ፋይሌ ዓይኔ እያየ ተነነ» አሉኝ። ፋይላቸው አልጠፋም፤ ጎተራ ገብቶ ነበር። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክሮኑ መስመር በላይ «2 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብዬ ማስታወሻ ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም። ሦስተኛውም ይኸው ነው፦ የክሮንን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እንቆጥራለን።

አሁን ወደ መጠቅለሉ። «ታር» በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ ቅጂ ጋር የወጣ ትዕዛዝ ነው፤ ስሙ «የቴፕ ማኅደር» ማለት ነው፣ ቴፑ ከብዙ ቤት ቢጠፋም ትዕዛዙ አለ። ብዙ ፋይል አንድ ላይ ጠቅልሎ ኤምታይማቸውን እንደያዘ ያስቀምጣል። ፋይል የሚቀዳው ተራ «ሲፒ» ይህን አያደርግም፤ «ፒ» የምትለዋን ምርጫ ሳይጨምሩ ሰርቨር የቀየሩ ሰዎች፣ የ10 ዓመት ሰነዳቸው ሁሉ በአንድ ቀን እንደተወለደ ሆኖ ያገኙታል። ፋይል የሚያዛውረውን «ኤምቪ»ንም በዚያው ዲስክ ውስጥ ቢጠቀሙበት ስም ቀየረ እንጂ ቦታ አላስለቀቀም።

የሚያከራክረኝ ነገር ደግሞ ይኸው፦ ታር ጠቅልሎ ሲጨርስ ዋናውን የሚያጠፋ «ሪሙቭ ፋይልስ» የሚባል ምርጫ አለው። ወዳጆቼ በአንድ መስመር ሁለት ሥራ ነው ብለው ይወዱታል። እኔ አልነካውም። ጎተራ የገባውን ሳይሰፍር ጎታውን የሚጠርግ ማን ነው? ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው፦ ጠቅልል፣ አረጋግጥ፣ ከዚያ አጥፋ። ከመጠቅለል በፊት «ሻ256ሰም» የእያንዳንዱን ፋይል 64 ምልክት ያለው አሻራ በዝርዝር ይጽፋል፤ ጥቅሉን ሌላ ቦታ ፈትተው በዚያው ዝርዝር ያስፈትሹታል። አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ አሻራው አይገጥምም። ሦስቱን ደረጃዎች «ኤንድ ኤንድ» በሚባለው ድርብ ምልክት ያያይዟቸው፤ አንዱ ከከሸፈ ቀጣዩ አይነሣም። ፋይንድ ራሱ «ዲሊት» የሚል ምርጫ አለው፤ ከዕድሜ መለያው ፊት ካስቀመጡት ዕድሜ ሳይጠይቅ ሁሉንም ይጠርጋል። የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

ስምም ያጠፋል። «የመስከረም ደመወዝ» የሚል ፋይል በግዴለሽነት ለተጻፈ ስክሪፕት ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ «የመስከረም»፣ አንዱ «ደመወዝ»። «ደመወዝ» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለ ወዮልዎት። ለዚህ ነው ተለዋዋጭ ስም ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ የሚታቀፈው፤ ለዚህም ነው ፋይንድ «ፕሪንት ዜሮ» የተሰጠው፤ ስሞቹን በክፍተት ሳይሆን በየትኛውም የፋይል ስም ውስጥ ሊገኝ በማይችል ባዶ ባይት ይለያያቸዋል። ታርም ዝርዝሩን በዚያው መንገድ እንዲቀበል «ነል» የሚል ምርጫ አለው።

ስክሪፕቱ ሁሉ ተደምሮ ከ20 መስመር አይበልጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስኬዱት ግን አይጠቅልል፣ አያጥፋ፤ የተገኙትን ፋይሎች ስምና ቀን ብቻ ይዘርዝር። ያንን ዝርዝር አትመው ለሰነዱ ባለቤት ይውሰዱት። ለዘር የተለየውን እህል የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ሳይፈርም የማጥፊያዋን መስመር አይጻፉ።