«ዲቪ ደርሶዎታል» የሚለው መልእክት ለምን አይጠፋም?

ኢንተርኔት ላይ ከታዩት የንግድ ስፓሞች ሁሉ ስሙ በክፉ የሚነሳው የዲቪ ማስታወቂያ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች ከአሪዞና ሆነው ስለ ዲቪ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ የጻፉትን ማስታወቂያ ዩዝኔት በተባለው የውይይት መረብ ከ5,000 በላይ መድረኮች ላይ በተኑት። ስለ ምንም ሊያወራ የገባ ሰው ያንኑ ማስታወቂያ አገኘ። የተናደደው ተጠቃሚ በተራው የስድብ መዓት ቢያወርድባቸው፣ ኢንተርኔት ያቀርብላቸው የነበረው ድርጅት ኮምፒዩተር መሸከም አቅቶት ቆመ። ጥንዶቹ ግን በዚያው ዓመት በኢንተርኔት እንዴት እንደሚከበር መጽሐፍ አሳተሙ።

የሸጡት ነገር ማመልከቻ የመሙላት አገልግሎት መሆኑን ልብ ይሏል። የያኔው ማመልከቻ ስምና አድራሻን ተራ ወረቀት ላይ ጽፎ በፖስታ መላክ ነበር፣ ያውም በነጻ። ማንም ለራሱ የሚሠራውን ነገር ያለ ባለሙያ እንደማይሆን አስመስሎ መሸጥ ዛሬም የዲቪ ንግድ መሠረት ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ያኔ ሐሰተኛው ኢሜይል ጉልበት አገኘ። ኢሜይል ሲፈለሰፍ የላኪውን ማንነት የሚያጣራ ነገር አልተበጀለትም፤ ፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም መጻፍ እንደሚቻለው ሁሉ፣ አጭበርባሪም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ መጻፍ ይችላል። ኋላ የመጡት ማጣሪያዎች ብዙውን ቢያስቀሩም ሁሉንም አላስቀሩም። መልእክቱ እንኳን ደስ አለዎት ይልና «የቪዛ ክፍያ» በገንዘብ መላኪያ እንዲላክ ይጠይቃል። እውነተኛው መሥሪያ ቤት ግን ዲቪ መድረሱን በኢሜይል አያበስርም። ውጤቱ የሚታየው አድራሻው በዶት ገቭ በሚያልቀው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ክፍያውም ቃለ መጠይቅ ላይ ኤምባሲ ውስጥ የሚፈጸም ነው።

ደግሞ እውነተኛው ዲቪም አንዳንዴ ማጭበርበር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 ውጤት ከወጣ በኋላ ዕጣው በኮምፒዩተር ስህተት በትክክል አልወጣም ተብሎ ሲሰረዝ፣ ደርሷችኋል ተብለው የነበሩ 22,000 ያህል ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይህን የሰማ ሰው «ውጤትዎ እንደገና ታይቶ ተመርጠዋል» የሚል መልእክት ቢደርሰው ለምን አያምንም?

ይሁንና የእኛ አገር ትልቁ አደጋ ከሩቅ የሚላከው ኢሜይል አይመስለኝም፤ ሰፈር ያለው ኢንተርኔት ቤት ነው። ዲቪ ሊያስሞላ የሄደ ሰው ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል፣ የልደት ቀኑንና የትዳር ሁኔታውን ይናገራል። ፎርሙ ላይ ኢሜይል የሚጠየቅበት ቦታ ሲደረስ «የለኝም» ይላል። ፎርሙን የሚሞላለት ሞይ ሳይቸገር የራሱን ይጽፋል። መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የኮንፈርሜሽን ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ለደንበኛው አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፣ አንዳንዴ እሱንም አይሰጠውም።

ውጤት ለማየት የሚያስፈልገው ያ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የልደት ዓመት ነው። ሦስቱም በሞይው እጅ ናቸው፤ ስለዚህ ዲቪ መድረሱን ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ድርድር ነው፦ ወይ ገንዘብ፣ ወይ የማያውቁትን ሰው በወረቀት ጋብቻ ይዞ መሄድ። እሺ ያለ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ጋብቻው ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቪዛውን ያጣል። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ድረ ገጹ ላይ መልሶ ማግኘት ይችላል፣ ግን ሲሞላ የተጻፈውን ኢሜይል ይጠየቃል። እሱም የሞይው ነው። ለዚህ ነው ኢሜይል የሌለው ሰው ከመሙላቱ በፊት የራሱን ይክፈት፣ የይለፍ ቃሉንም ለማንም አይስጥ የሚባለው።

ሕጉስ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስፓም መበተንን ወንጀል አድርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባለቤቱ መረጃው እንዲታረምና እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በዲቪ ሰሞን በር ላይ በተሰለፈ ሕዝብ መሃል ግን «ፎቶዬን ከኮምፒዩተርህ አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ፣ ሞይው የሚስቅ ይመስለኛል።