የታሰረው ነቀርሳና የሳሳው ዐፅም

በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ ቅዳሴው ተጀምሮ እስኪፈጸም ድረስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከመቆም በቀር ሲቀመጡ ታይተው የማያውቁ አንድ አዛውንት፣ ከፕሮስቴት ዕጢ ተነሥቶ ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር ተገኝቶባቸው በየሦስት ወሩ የሆርሞን መርፌ መወጋት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራም ወርዶ፣ እንቅልፍ የነሣቸው የወገብ ሕመም ለቅቋቸው ሳለ፣ አንድ እሑድ ጫማቸውን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ የጀርባ አጥንታቸው ተሰበረ። አልወደቁም፤ የገፋቸውም የለም። «ኧረ እመቤቴ!» ብለው ከደጁ ተቀመጡ።

ሐኪማቸው ከሆርሞኑ ጋር አጥንት የሚጠብቅ መድኃኒት ጽፎላቸው ነበር፤ ወረቀቱ በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ታጥፎ ተገኘ። ለምን እንዳልገዙት ሲጠየቁ፣ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ዘመዳቸው «አባባ፣ ነቀርሳው በመርፌው ታስሯል፤ የታሰረ ሌባ ቤት ይዘርፋል? ገንዘብዎን በከንቱ አይጨርሱ» እንዳላቸው ነገሩን።

ነገሩ ከመሠረቱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማስተባበሉ ቀላል በሆነ ነበር። የፕሮስቴት ነቀርሳ ቀለቡ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን መሆኑን ቻርልስ ሐጊንስና ክላረንስ ሆጅስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 አስረድተዋል፤ ሐጊንስም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ወይም እንደ ጎሰረሊን ባለ መርፌ ቀለቡ ሲቋረጥ፣ ነቀርሳው ይኮማተራል፤ የአጥንቱም ሕመም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ጋብ ይላል። ስንት ወር ሲቃትት ያደረ ሰው ጤናማ እንቅልፍ ባገኘ ጊዜ «አጥንቴ ዳነ» ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት፣ ሳይታመም የሚመክረው ነው።

ያው ሆርሞን ለነቀርሳው ቀለብ እንደ ሆነ ሁሉ ለዐፅሙም ዘበኛ ነውና። የሰው አጥንት እንደ ድንጋይ ደርቆ የሚኖር ሳይሆን፣ በየዓመቱ እንደሚመረግ የጭቃ ቤት ሲፈርስና ሲጠገን የሚኖር ሕያው ነገር ነው፤ በወንዱም ሰውነት ውስጥ የቴስቶስትሮን ከፊሉ ወደ ኤስትሮጅን ተለውጦ የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ይገታል። ሆርሞኑ ሲነጥፍ አፍራሹ ከጠጋኙ ይበዛል። ስለዚህ ለዚያ መካሪ የምመልሰው ይህ ነው፤ ሌባው በእውነት ታስሯል፣ ነገር ግን የታሰረበት ልጥ ከዚያው ከሚጠበቀው ቤት ማገር የተፈታ ነው።

በ2005 የታተመ፣ ከ50,000 የሚበልጡ አሜሪካውያን ሕመምተኞችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት መካከል የሆርሞን ሕክምና ከወሰዱት ከ100 19 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 13 ያህሉ አጥንታቸው እንደ ተሰበረ አስረድቷል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው በ2019 የታተመው ነው፤ አቢራተሮን የተባለውን የሆርሞን ሕክምና መድኃኒት በሚወስዱ ሕመምተኞች ላይ ራዲየም 223 የተባለው ጨረር አመንጪ መድኃኒት በተጨመረ ጊዜ፣ አጥንታቸው የተሰበረው ከ100 29 ሲሆኑ፣ ራዲየም ካልተሰጣቸው ግን 11 ነበሩ፤ ከሁለቱም ወገን አጥንት ጠባቂ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ስብራቱ አንሶ ተገኘ።

ጠባቂዎቹ በተለይ ሁለት ናቸው፤ በደም ሥር ቢያንስ በ15 ደቂቃ የሚንጠባጠበው ዞሌድሮኒክ አሲድና ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ። ነገር ግን ለሁሉም ሰው በየወሩ ይሰጡ የሚልም ይሳሳታል። የሆርሞን ሕክምናው ገና እየሠራለት አጥንቱ ለሳሳበት ሰው ጥቂቱ ይበቃል፤ ዴኖሱማብ 60 ሚሊ ግራም በየስድስት ወሩ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ነቀርሳው የሆርሞን ሕክምናውን እስር በጥሶ በአጥንት ላይ ሲበረታ ግን መጠኑ ወደ 120 ያድጋል፣ ጊዜውም ወደ አራት ሳምንት ያጥራል፤ ዞሌድሮኒክ አሲድን በየሦስት ወሩ መስጠትም በየአራት ሳምንቱ ከመስጠት እንደማያንስ በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መቼ ይጀመር በሚለው ላይ ሊቃውንቱም ገና ይከራከራሉና፣ እኔ ልፈርድበት አልደፍርም።

የቀሩትን ወሬዎች በአጭሩ ልሸኛቸው። «የካልሲየም ኪኒን ብቻውን ይበቃል» ይባላል፤ አይበቃም፣ ከመርፌው ጋር ግን እርሱም ቫይታሚን ዲም ያስፈልጋሉ፤ ወተት በማይጠጣበት ጾም ሰሊጥና ጎመን ያግዛሉ። «መርፌው አተኮሰኝ፣ መርዝ ነው» የሚለውም አለ፤ ከመጀመሪያው ዞሌድሮኒክ አሲድ በኋላ የሚመጣው ትኩሳት በጥቂት ቀን ያልፋል። የእውነት የሚፈራው ሌላ ነው፤ ኩላሊት ሳይመረመር ዞሌድሮኒክ አሲድ አይሰጥም፣ ጥርስም የሚነቀል ካለ አስቀድሞ ይነቀል፣ በሕክምናው መካከል የተነቀለ ጥርስ የመንጋጋን አጥንት ሊያሞት ይችላልና። ወጌሻንም አላቃልልም፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ፤ ነቀርሳ የበላውን ጀርባ ማሸት ግን መስበር ነው።

በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለ ነበረ፣ ሕመምተኛው ከሩቅ አገር መጥቶ ወረፋ መጠበቅን ለምዷል። ነገር ግን የእንዲህ ያለ ሕመምተኛ እግሩ ከዛለ፣ ወይም ሽንቱ በድንገት ከታገደ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ይሆናልና ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።