ውኃው ጢሱን አያጥበውም፦ ስለ ጋያና ስለ አዛውንቶቻችን ሳል



አንድ አባት ለወራት ሲያስላቸው ቆይቶ በልጆቻቸው ጉትጎታ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ እንበል። ሐኪሙ «አባባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «አስተግፊሩላህ! በአፌም ዞሮ አያውቅ» ይላሉ። አልዋሹም። ሲጋራ አያጨሱም። ከዐስር በኋላ ግን በየቀኑ ጋያቸውን ይስባሉ፤ ጋያን ደግሞ ማንም «ማጨስ» ብሎ አይጠራውም። ሐኪሙም «የማያጨስ» ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ሳሉም «ብርድ ነው» ተብሎ ወደ ቤት ይመለሳል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

ጋያ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጆች እንንገራቸው። ውኃ የተሞላ ቅል፣ ትንባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ አናት፣ ለመሳቢያ ደግሞ ሸምበቆ። ጢሱ በውኃው ውስጥ እየተንቦገቦገ ያልፍና ቀዝቅዞ አፍ ይደርሳል። ሺሻ የሚባለው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የሺሻው ትንባሆ በጣፋጭና በሽቶ መለወሱ ነው።

በሸዋ ትንባሆና ባሩድ ጎን ለጎን የኖሩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሲመጣ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ስጦታ ውስጥ 300 ጠመንጃዎች ይገኙበት ነበር። የሲራራ ነጋዴው መንገድ በሙስሊሞቹ የገበያ ከተማ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ያ ነፍጥ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ ባሩዱ ከድኝ፣ ከከሰልና ጨው ከሚመስል ማዕድን ይቀመማል። ፍም በተሸከመ ጋያ አጠገብ ባሩድ የሚሰፍር ሰው ምን ያህል ልብ ያስፈልገው እንደነበር አስቡት! ትንባሆን መንግሥትም ተቆጥቶበት ያውቃል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አጫሾችን በከባድ ቅጣት ይቀጡ ነበር። ጋያው ግን በየጓዳው ዘመኑን ተሻገረ።

አሁን ወደ ጤናው እንግባ። «ውኃው መርዙን ያስቀረዋል» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጉሮሮ ስለማይቃጠል ሰውየው በጥልቀትና ለረጅም ጊዜ እንዲስብ ያደርገዋል። ኒኮቲኑ፣ ሬንጅ መሳዩ ዝቃጭና ካንሰር አምጪ ቅመሞቹ በብዛት ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሺሻ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በአንድ ቁጭታ የሚሳበው ጢስ መጠን 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ያህል ሊደርስ እንደሚችል አስታውቋል። ማሳሰቢያው የተጻፈው ስለ ሺሻ ቢሆንም ውኃውም ፍሙም ያው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የፍሙ ነገር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በቀጭን አየር ላይ ጋያ ሲጨመር ልብ በእጥፍ ትደክማለች። ለብርድ ተብሎ በሩ በተዘጋ ቤት፣ የምድጃው ጢስ ሲታከልበት ደግሞ ነፍሰ ጡሯም ሕፃኑም ሳይስቡ አጫሽ ሆኑ ማለት ነው።

ሸምበቆው ከአፍ ወደ አፍ መዞሩም ሌላ ጣጣ አለው። የአፍ ቁስል ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው አብሮ ከተቀመጠም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትንፋሹ ለሁሉ ይዳረሳል፤ የአጫሽ ሳንባ ደግሞ ለነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በመንግሥት ጤና ጣቢያ መመርመር አለበት፤ የነቀርሳ ሕክምናው በነፃ ነው። ስትሄዱ «ሲጋራ አያጨስም፣ ጋያ ግን ይስባል፣ ይህን ያህል ዓመት» ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። አባትን ማጋለጥ እንዳይመስላችሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የሺሻንም ሽያጭ አግዷል። እልፍኝ ውስጥ ያለውን ጋያ የሚያይ ግን ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ለመተው ለሚያስብ ሰው ረመዳን መልካም አጋጣሚ ነው። በአገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ይቀርባል። በባዶ ሆድ በጋያ ማፍጠር ታዲያ የተጸዳውን ደም እንደገና ማቆሸሽ ነው፤ ማዞሩና የልብ መምታቱም ለዚህ ነው። በተምርና በውኃ አፍጥሩ፣ መግሪብን ስገዱ፣ ብሉ፣ ከዚያም እስከ ተራዊህ ቆዩ። አምሮቱ ሲመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይበረታና ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀልላል። የቤት ሰዎች ሆይ፣ በነዚያ ቀናት ለቁጣው መልስ አትስጡ!

ምግብን በተመለከተ፣ ጢስ የሰውነትን ቫይታሚን ሲ ያባክናል፤ የሚያጨስ ሰው በቀን 35 ሚሊ ግራም ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ግማሽ ብርቱካን ይበቃዋል፤ ቃሪያና ብዙ ያልበሰለ ጎመንም ጥሩ ነው። ይህ ግን የጢሱን ጉዳት አይሽረውም።

ጋያው ከቤት ሲወጣ «ቅሉ ጥሩ ነው፣ ለእርጎ ይሆናል» የሚሉ እናቶች አሉ። አይሆንም! የትንባሆው ዝቃጭ ቅሉ ውስጥ ስለሚሰርግ ቢታጠብም አይለቅም። በድሮ ዘመን ለአረር እርሳስ የቀለጠበት ድስት በውርስ የደረሰው ቤት ካለም እንዲሁ ነው፤ እርሳስ የሕፃናትን አንጎል ስለሚጎዳ ምግብ አይሠራበት።