ጠርዝ ስለምትዘመዝም መኪና

ኦቨርሎክ የምትባል የስፌት መኪና የጨርቁን ጠርዝ በስለቷ እየከረከመች እንዳይተረተር በክር ትዘመዝማለች። ባለሦስት ክር የሆነችው አንድ መርፌና ሁለት ቆልማማ ብረቶች አሏት፤ ሦስቱም ተባብረው አንድ ስፌት ያወጣሉ።

ክር ሲበጠስባት ችኩል ሰፊ የክሩን መወጠሪያ ሁሉ ያዞራል። አንዱን ሲያጠብቅ ሌላውን ሲያላላ ደኅና የነበረውም ይበላሻል፤ የሰው ልብስም በእጁ ይጠፋል።

አስተዋይ ሰፊ ግን አስቀድሞ መኪናዋን ያቆማል። ጨርቅ የሚጫነውን እግር አንሥቶ ክሩን ሁሉ ያወጣል፤ እንደ ገናም በተራ ያስገባል፤ መጀመሪያ በላይኛው ብረት፣ ቀጥሎ በታችኛው፣ በመጨረሻ በመርፌው። መርፌው ታችኛውን ብረት ቢቀድም ክሩ ተጠላልፎ ይበጠሳልና።

ስፌት የምትዘል እንደ ሆነ መርፌውን ይለውጣል፤ የዶለዶመ ወይም የጎበጠ መርፌ ክሩን ለብረቱ በደንብ አያቀብልምና። ጠርዙ ሳይጠራ ቢቀር ስለቷን ይመረምራል። የተጠራቀመውንም ብናኝ በብሩሽ ይጠርጋል። ከዚህ በኋላ በቁራጭ ጨርቅ ይሞክራል እንጂ በሰው ልብስ አይሞክርም።

ልጆች ሆይ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ለማቅናት የሚቸኩል ሰው በጥፋት ላይ ጥፋት ይጨምራል። ከትንሹ ጀምሮ በተራ የሚመረምር ግን የተበላሸውን ያቀናል፤ የተሰጠውንም አደራ በደኅና ይመልሳል።