የውሉ ወርና የዕዳው ወር

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የአንዲት እናት ደብዳቤ ለዛሬው ርእሳችን ምክንያት ሆኗል። ልጃቸው 20 ዓመቱ ሲሆን በአንድ የእግር ኳስ ክለብ የ2 ዓመት ውል ፈርሟል። በፈረመ በሦስተኛው ወር በ5 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ መኪና በባንክ በኩል ወሰደ፤ አጎቱም ዋስ ሆኑለት። ይኸው አሁን ክለቡ ደመወዝ ካቆመ 3 ወር ሆነ። የባንኩ ቀን ግን በየወሩ ይመጣል። እናቲቱ «ልጄ እንቅልፍ አጥቷል፣ ወንድሜም ለዒድ እንኳ ቤቴ አልመጣም፤ ምን እናድርግ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ኳስ ተጫዋች ልጅ የሌላችሁ ቤተሰቦች «ይህ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ሬዲዮናችሁን እንዳትዘጉ እንለምናለን። በዓረብ ሀገር በ2 ዓመት ኮንትራት የምትሠራ ልጅ ካለችበት ቤትም ጉዳዩ ብዙ አይርቅም።

በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 2 እና 5። ገቢው በ2 ዓመት ያልቃል፤ ዕዳው ግን 5 ዓመት ይሄዳል። ክለቡ አንድም ቀን ሳያጓድል ቢከፍል ኖሮ እንኳ የ3 ዓመቱ ዕዳ ገና ባልተፈረመ ውል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የደመወዙ መቋረጥ ችግሩን ቀድሞ አመጣው እንጂ አልፈጠረውም። ሰው ወጣት ተጫዋች ሲቸገር ሲያይ «ገንዘብ አሰከረው» ብሎ ያልፋል። በርግጥ የሚያሰክረው አለ። ይሁን እንጂ ጠጪም አባካኝም ያልሆነ፣ ሶላቱን የሚሰግድ ልጅም ይወድቃል፤ በአጭር ገንዘብ ላይ ረጅም ቃል ስለገባ ብቻ።

መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ባለ ሱቁ ገቢው ከዕድሜው ጋር ቀስ እያለ ያድጋል። ኳስ ተጫዋች ግን በ18 ወይም በ20 ዓመቱ ይጀምርና በ35 ዓመቱ ግድም ያቆማል፤ ጉልበቱ ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም በፊት። የዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ54 ሀገሮች ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ተጫዋቾችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ100ው 45ቱ በወር ከ1000 ዶላር በታች የሚያገኙ፣ 41ዱ ደግሞ ባለፉት 2 የውድድር ዓመታት ደመወዝ የዘገየባቸው ሆነው ተገኙ። የአንድ ውል አማካይ ርዝመትም 2 ዓመት አልሞላም። ስለዚህ በቴሌቪዥን የምናያቸው ባለ ሚሊዮኖች የዚህ ሙያ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የእናታችን ልጅ ደግሞ ከብዙኃኑ ነው።

የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት እህል የተቀመጠው ጥጋቡ ገና ሳያልፍ ነበር። ገበሬዎቻችንም መኸር ያስገቡ ዕለት እስከሚቀጥለው መኸር ያሉትን ወራት ቆጥረው ነው ጎተራቸውን የሚከፍቱት። የተጫዋች ደመወዝ በየወሩ ስለሚመጣ የወንዝ ውኃ ይመስላል እንጂ ጠባዩ የመኸር ነው።

«ደመወዙ ትልቅ ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። እስቲ ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ ልጆቻችን ስማቸውን በቃል የሚያውቋቸው ክለቦች ያሉት እዚያ ነውና። ሊ ሄንድሪ ለአስቶን ቪላ ከ10 ዓመት በላይ የተጫወተ፣ ለብሔራዊ ቡድንም የተሰለፈ ሰው ነው። በገንዘቡ ቤት ገዛ። የእኛም ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ይህንኑ በመከሩት ነበር። ቤቶቹ የተገዙት ግን በባንክ ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ገበያው ሲወድቅ፣ የእርሱም ጨዋታ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ብድሩ እንደነበረ ቆየ። በ2012 መክሰሩ በሕግ ታወጀ። ጭንቀቱ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር እንዳደረሰው በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። አላህ ይጠብቀን። ይህን ያነሳነው «ልጄ እንቅልፍ አጥቷል» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ዛሬ አትገሥጹት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ብቻውን አይደር።

ለእንግሊዝ 53 ጊዜ የተሰለፈው ግብ ጠባቂ ዴቪድ ጄምስም በ2014 እንዲሁ መክሰሩ ታውጆበታል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በአማካሪ እጅ ተጎዱ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገንዘብ አማካሪዎች ተጫዋቾችን «በፊልም ሥራ ገንዘብ ካስገባችሁ ግብር ይቀነስላችኋል» እያሉ ያስፈርሟቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ ቅናሹን አልቀበልም ብሎ ግብሩን ከነወለዱ ጠየቀ። አማካሪው ድርሻውን ቀድሞ ወስዷል፤ ሰነዱ ላይ ያለው ስም የተጫዋቹ ነው። በእኛም ሀገር መሬትም ሆነ መኪና ወይም አክሲዮን ይዞ የሚመጣውን ሰው «አንተ የሚከፈልህ ከማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ከሻጩ ከሆነ አማካሪ ሳይሆን ደላላ ነው፤ ደላላም በሐቅ ከሠራ ሐላል እንጀራ አለው፤ ግን ደላላ መሆኑ ይታወቅ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ተጫዋች ዋናውን ገንዘብ የሚያገኘው በፊርማ ጊዜ በአንድ ላይ ነበር፤ በኋላ ወደ ወር ደመወዝ ተዛወረ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ከፍተኛውን ያልተጣራ የወር ደመወዝ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተስማሙ። ያን ጊዜ ይህ ቁጥር በየሰፈሩ ሲወራ «ያልተጣራ» የምትለዋን ቃል ያስተዋላት ጥቂት ነበር። በወቅቱ በነበረው የግብር ሠንጠረዥ ከ50 ሺህ ብር ላይ 16 ሺህ ብር ለግብር ይቆረጣል፤ ጡረታው ሳይታሰብ በእጅ የሚገባው 34 ሺህ ነው ማለት ነው። ቤተሰብ 50 ሰምቶ ሲያቅድ ልጁ 34 ይዞ ይኖራል፤ በመካከል ያለው 16 በብድር ይሞላል። በተጨማሪም ከውሉ ወረቀት ውጪ «በእጅ እንሰጥሃለን» የሚባል ገንዘብ በክርክር ጊዜ ማስረጃ የለውም። በእርሱ ላይ ዕዳ የሚገባ ሰው በሰው ቃል ላይ ቤት እንደሚሠራ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ጣት ሳንቀስር ማለፍ አንችልም። ልጁ የፈረመ ዕለት ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ አልሐምዱሊላህ ይባላል፤ በማግስቱ ግን የእኅት ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት ልጅ ሠርግ፣ የጎረቤት ሕክምና፣ የጓደኛ «ለሳምንት ብቻ አበድረኝ» ሁሉ ወደ አንድ በር ይሄዳል። ወላጅን መርዳት ግዴታ መሆኑን ለሙስሊም ቤተሰብ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን 20 ዓመት የሆነው ልጅ «የለኝም» ማለት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ተበድሮ ይሰጣል። እናት የተቀበለችው ገንዘብ የልጇ ዕዳ መሆኑን የምታውቀው ባንኩ ሲደውል ነው። ስንት ደመወዝ እንዳለው፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ በወር ስንት ብር ለቤተሰብ እንደሚያወጣ አንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ ቢነገር ይህ ሁሉ ባልመጣ። አባትም ሆነ ታላቅ ወንድም የልጁን ገንዘብ የሚይዝ ከሆነ አማና ነውና በደብተር ይያዝ።

እናታችን መኪናው በወለድ ብድር ይሁን ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ የተወሰደ አልገለጹልንም። በወለድ ከሆነ የሪባን ሐራምነት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዛሬ አማራጭ አለ፤ ከመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች ሌላ እነ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እየሠሩ ነው። ይሁንና ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ሙራበሓ ወለድ የለበትም ማለት ዕዳ አይደለም ማለት አይደለም። ባንኩ መኪናውን ገዝቶ በትርፍ ይሸጥልሃል፤ ዋጋው በየወሩ ይከፈላል፤ ደመወዝ ቢቆምም ይከፈላል። እቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው የቀረው ክፍያ ሁሉ ዕዳው ነው። እኛ የምንመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ የዕዳው የመጨረሻ ወር ከውሉ የመጨረሻ ወር ቢያንስ 6 ወር ይቅደም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተከፍሎ የማያልቅ ዕቃ ለዚህ ውል አይደለም፤ ለሚቀጥለው ይቆይ። ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 ዋንጫ ሲወስድ ከቡድኑ ዋነኞች አንዱ የነበረው ንጎሎ ካንቴ ወደ ልምምድ የሚመላለሰው በትንሽ ሚኒ ኩፐር ነበር፤ ማንም በዚያ አላነሰውም።

ስለ ቤቲንግ በአጭሩ። ቁማር መሆኑ ግልጽ ስለሆነ በሐራምነቱ ላይ አንዘገይም። ለተጫዋች ግን ከዚያም በላይ ሥራውን ያሳጣዋል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ተጫዋቾች በየትኛውም ሀገር በሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ እንዳይወራረዱ ከልክሏል፤ በ2023 ኢቫን ቶኒ ለ8 ወር፣ በጣሊያን ሳንድሮ ቶናሊ ለ10 ወር ከሜዳ ታግደዋል። ኪት ጊሌስፒ የተባለው የሰሜን አየርላንድ ተጫዋች ደግሞ ገና በ20 ዓመቱ በ2 ቀን ውስጥ 62 ሺህ ፓውንድ በውርርድ አጥቷል፤ በ2010 ከሰረ። ዕዳ ያለበት ልጅ «አንድ ጊዜ ከደረሰልኝ እከፍላለሁ» ብሎ ወደዚያ ቤት የመግባት ፈተናው ከሌላው ይበልጣልና ስልኩን አስተውሉ።

ለእናታችን መልሳችን ይህ ነው። በመጀመሪያ ልጁና እርስዎ ቁጭ ብላችሁ ዕዳውን ሁሉ ጻፉ፤ የባንኩን፣ የእቁቡን፣ የጓደኛውን። ዕዳ እንዲጻፍ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የታዘዝነው የሰው ልብ ስለሚረሳ ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬን ስለሚያጠፋም ነው። ከዚያ ባንኩ ሳይመጣ እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። ክለቡ ደመወዝ እንዳልከፈለ የሚያሳየውን የባንክ መግለጫ ይዛችሁ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ።

መኪናው ይሸጥ። ይህ ለልጁ መራራ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን በሀገራችን ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ ዋጋውን ስለሚይዝ ዛሬ ቢሸጥ ዕዳውን ሊዘጋ ይችላል፤ ለዓመት ከቆየ ግን ያልተከፈለው ይከማቻል። ሊብሬው በባንኩ ስለተያዘ ሽያጩ በባንኩ ፈቃድ ይሁን። «በውክልና ልግዛህ» የሚል ሰው ቢመጣ አይሆንም በሉት፤ መኪናው ሄዶ ዕዳው በልጁና በአጎቱ ላይ ይቀራል።

ስለ ክለቡ፣ ልጁ ልምምድ አያቁም፤ ከቀረ ክለቡ መከራከሪያ ያገኛል። ያልተከፈለውን ደመወዝ ቀን በተጻፈበት ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ቅጂውን አስፈርሞ ይያዝ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2018 በዝውውር ደንቡ ላይ በጨመረው አንቀጽ መሠረት ክለብ የ2 ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያም ሆኖ ካልተከፈለው፣ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። የሀገር ውስጥ ክርክር በፌዴሬሽኑ በኩል ስለሚታይ ውሉን ከማፍረሱ በፊት የፌዴሬሽኑን ደንብ ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር ይማከር።

የቀሩት አጎቱ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው ከሶሓቦች አንዱ ዕዳውን እስኪሸከም ድረስ እንዳልሰገዱበት በሐዲስ ተዘግቧል፤ ዋስ መሆን የዚህን ያህል ከባድ ነገር ነው። እኒህ ሰው ለእኅታቸው ልጅ ብለው ይህን ተሸክመዋል። የቀሩትም ጠልተው ሳይሆን ፈርተው ይመስለናል። ስለዚህ እርስዎ አይሂዱ፣ ሽማግሌም አይላክ። ልጁ ራሱ የተጻፈውን የዕዳ ዝርዝርና ለባንኩ ያስገባውን ደብዳቤ ቅጂ ይዞ ከዓስር ሶላት በኋላ ቤታቸው ይሂድና ያሳያቸው። ምን እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ እንጠብቃለን፤ ኢንሻአላህ።