ኤች አይ ቪ፣ ድብርትና ጎረቤት

መርካቶን በዓይኑ ያላየ ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ቆዳው ከየአገሩ ተጭኖ ብዙው የሚራገፈው እዚያ ነው። ገበያዋ አሁን ባለችበት ቦታ የተቋቋመችው ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ስሟም ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ መርካቶ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትገኛለች። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለች በየሸቀጡ ተከፋፍላለች። አውቶቡስ ተራም እዚያው አጠገቧ ነው። ከገጠር የመጣ ብዙ ወጣት ከአውቶቡስ ወርዶ መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት ይኸው ነው።

ከእናንተም መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ እዚያ ተሸካሚ የሆነ፣ እህቱ ሰው ቤት የተቀጠረች ወይም ጉሊት የዘረጋች ይኖራል። ስለዚህ አሁን የምንጽፈው ነገር የከተማ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም።

መርካቶ ሰው ሰውን እየገፋ የሚሄድባት ቦታ ናት። በአንዲት ጠባብ ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው የሚያድርበት ቤት አለ። ይሁንና በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ብቻውን የሆነ ሰው ይገኛል። እንዴት ሆኖ? ትሉ ይሆናል።

በርበሬ ተራ በርበሬ እየቀነጠሰች የምትተዳደር አንዲት ሴት እናስብ። ነገሩን ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ ይህች ናት ብለን የምንጠቁማት ሰው የለችም። በደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ። መድኃኒቷን ከዕቃው አውጥታ በጨርቅ ትቋጥርና ከእህል ማስቀመጫው ሥር ትደብቀዋለች። የምትውጠው ቤተ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ሰው አምሽቶ ሲጫወት ካደረ ያን ቀን ሳትውጥ ታድራለች። ጠዋት መነሣት ይከብዳት ጀመር። ምግብ አስጠላት። ቡና ሲጠሯት አትሄድም። ጎረቤቶቿ «ምን ሆና ነው? ኮራችብን እኮ» ይላሉ። አልኮራችም። ታማለች። የያዛትም በሽታ ሁለት ነው። አንደኛው በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛውን ግን ማንም አልጠየቃትም።

አንደኛውን በአጭሩ እንናገር። ኤች አይ ቪ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከሉለት ዘበኞች በደሙ ውስጥ አሉት። ኤች አይ ቪ የሚያጠፋው እነዚህን ዘበኞች ነው። ዘበኛው ያለቀበት ሰውነት አጥሩ እንደፈረሰ ማሳ ይሆናል። ሳንባ ነቀርሳውም፣ ተቅማጡም፣ ሳንባ ምቹም ይገባበታል። ያን ጊዜ ኤድስ ይባላል። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ፣ በደም፣ በተበከለ መርፌና ምላጭ፣ እንዲሁም በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ስኒ በመጠጣት፣ በአንድ መደብ ላይ በመተኛት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ይህን ደግመን ደጋግመን ብንናገር አይሰለቸንም፤ ስኒ የሚለይ ሰው ዛሬም አለና።

ይህ በሽታ በአገራችን የታወቀው በ1970ዎቹ ማብቂያ ግድም ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ክፉ ዘመን እኛ ይህን የምንጽፈው ተማሪዎች አልደረስንበትም፤ ከታላላቆቻችን የሰማነው ነው። በአንድ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ድንኳን ይተከል ነበር ይላሉ። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. መንግሥት መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ማደል ጀመረ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ከሰውነት ጨርሶ አያወጣም፤ ግን ያስተኛዋል። ዛሬ ብዙው ታማሚ የሚውጠው በቀን አንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ሳያቋርጥ የዋጠ ሰው ይሠራል፣ ያርሳል፣ ያረጃል። በደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያንሳል። እንዲህ ሆኖ ከቆየ በግብረ ሥጋ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቷን በደንብ የምትወስድ እናትም ጤነኛ ልጅ የመውለድ ተስፋዋ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ካለ፣ ነጻም ከሆነ፣ ሰው ለምን ያቋርጣል? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው በሽታ የሚመጣው።

ሁለተኛው በሽታ ድብርት ይባላል። የዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ያዝናል። ከብት ሲሞትበት፣ ሰብል በበረዶ ሲመታበት፣ ዘመድ ሲለየው ያዝናል፤ ውሎ አድሮ ይጽናናል። ድብርት ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ በየቀኑ ሰውን ይጫነዋል። ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ደስ አይለውም። እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ወይም ሲተኛ ይውላል። ምግብ ይዘጋዋል። ሳይሠራ ይደክመዋል። ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል። «እኔ ለምንም የማልረባ ሰው ነኝ» ይላል። አንዳንዱም ሞቱን ይመኛል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። እንደ ወባ፣ እንደ ጨጓራ በሽታ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

በአገራችን በልዩ ልዩ ቦታ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ ሰዎች ከሦስቱ በአንዱ ላይ ገደማ የድብርት ምልክት ታይቷል። ይህ ብዙ ነው። ድብርት በይበልጥ የሚበረታው በማን ላይ ነው ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎችም መልሳቸው ተቀራራቢ ነው። አይዞህ የሚለው ሰው በሌለው፣ ሰው ባገለለውና መድኃኒቱን በሚያቆራርጥ ሰው ላይ ይበረታል። ነገሩ እንደ ክብ ነው። ብቸኝነቱ ድብርቱን ያመጣል። የደበረው ሰው «ለምን ብዬ እውጣለሁ?» ይልና መድኃኒቱን ይተዋል። መድኃኒቱን ሲተው ይታመማል። ሲታመም ከሰው ይበልጥ ይሸሸጋል። ክቡ የሚሰበረው በየት በኩል ነው? መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጣል። ብቸኝነቱን ግን ሐኪም ሊፈውሰው አይችልም። ሐኪሙ እኮ የሚያያት አልፎ አልፎ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው።

የአዲስ አበባ ዕድሮች ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዕድር እንደምታውቁት ወር በወር ገንዘብ ያዋጣል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይገዛል፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። ኤድስ ሰው በሚጨርስበት ዘመን የዕድሩ ገንዘብ በቀብር አለቀ። ያን ጊዜ አንዳንድ ዕድሮች ተሰብስበው መከሩ። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የምናወጣ ከሆነ ሳይሞት ብንደርስለት ምን አለበት? ተባባሉ። ደንባቸውንም አሻሻሉ። አባሎቻቸውን አሠለጠኑና በየቤቱ እየዞሩ በሽተኛ የሚያጥቡ፣ ምግብ የሚያቀምሱ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚያዩ ሰዎች አቆሙ። በ1990 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ተሕዋሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው መቅድምና ተስፋ ጎህ የሚባሉ ማኅበራት አቋቋሙ። በአደባባይ ወጥተው «እኛ ነን» አሉ። በዚያ ዘመን ይህን ማለት ከሥራና ከተከራዩት ቤት ሊያስወጣ ይችል ነበር። እኛ እንደሚመስለን ከመድኃኒቱ መምጣት በፊት ትልቁን ሥራ የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ከአገራችን ውጭ ያለ አንድ ምሳሌም እንጨምር። በአፍሪካ ደቡብ በኩል ዚምባብዌ የምትባል አገር አለች። በዋና ከተማዋ በሐራሬ ምባሬ የሚባል ሰፈር አለ፤ መርካቶን የመሰለ ትልቅ ገበያ ያለበት ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1998 ዓ.ም. ግድም በዚያ ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠለጠኑ። ቢሮ አልነበራቸውም። ከጤና ጣቢያው ደጅ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። የከፋው ሰው መጥቶ ከአንዷ አሮጊት ጎን ይቀመጣል። ድብርትን በአገራቸው ቋንቋ የሚጠሩት «ሐሳብ ማብዛት» በሚል ቃል ነው። እኛስ «ሐሳብ ገብቶታል» እንል የለ?

አሮጊቶቹ ምክር አያዘንቡም። መጀመሪያ ሰውየውን እስኪጨርስ ያዳምጡታል። ከዚያ ችግሮቹን አንድ በአንድ ያስቆጥሩታል። አንዱን ብቻ ራሱ እንዲመርጥ ይጠይቁታል። ለዚያ ለአንዱ በዚህ ሳምንት ምን ማድረግ እንደሚችል አብረው ይመክራሉ። በሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ይሉታል። ይኸው ነው። በኋላም ሥራው በ573 ሰዎች ላይ ተጠና፤ ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ታተመ። ከእነዚህ ሰዎች ከ100ው ከ40 የሚበልጡት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ አሮጊቶቹ ጋ ከተቀመጡት ከ100ው 14ቱ ላይ ብቻ የድብርት ምልክት ቀረ። እዚያ ካልተቀመጡት ግን ከ100ው 50ዎቹ እንደደበራቸው ነበሩ።

እንግዲህ በእኛ አገር አግዳሚ ወንበሩ ባይኖር ቡናው አለ። አቦል ሲጠጣ ወሬው የገበያ ነው። ቶናው ሲደርስ ሰው የልቡን መናገር ይጀምራል። ሸሽታ የቆየችን ጎረቤት «እቴ፣ ሰሞኑን ጠፋሽብኝ፤ ነይ ቡና እንጠጣ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ቀን እምቢ ብትል በሌላ ቀን ደግሞ መጥራት ነው። ስትናገር «ተይው፣ ያልፋል» ብሎ አፏን መዝጋት አይገባም። ዝም ብሎ መስማት ይከብዳል፤ ግን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ምስጢሯን ከነገረቻችሁ የእሷ ነው። ለባል፣ ለእናት፣ ለንስሐ አባትም ቢሆን የምትናገረው ራሷ ናት። ሳትፈቅድ ያወጣባት ሰው መድኃኒቷን ከእጇ የነጠቀ ያህል ጎድቷታል። መድኃኒቷን ደብቃ የምትውጠውም እኮ ወሬውን ፈርታ ነው። ቤት ውስጥ አንድ የሚያውቅላት ሰው ከተገኘ ሰው እስኪተኛ መጠበቅ ይቀራል።

«ጠበል ይበቃኛል» ብሎ መድኃኒት የሚጥል አለ። በ1999 ዓ.ም. ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ሲሉ አስተምረዋል። ስለዚህ የሚጠመቀውም ሰው መድኃኒቱን ይዋጥ።

ድብርቱ በቡናና በጨዋታ ካልለቀቃት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ለካርድ ክፍሉ ሰው «ሐሳብ በዝቶባታል፣ እንቅልፍ አጥታለች» ብሎ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች። በንግግር የሚደረግ ሕክምና አለ። የሚዋጥም አለ። የድብርት መድኃኒት ወዲያው አይሠራም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። «አልሠራልኝም» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ጉዳት አለው። ሕመሙ የጠናበት ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ይህ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው አዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ ነው። «አማኑኤል» ሲባል ሰው እብደት ብቻ ይመስለውና ያፍራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሞቱን የሚያነሣ ሰው ካለ እንደ ቀልድ አትለፉት። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣም፤ እንዲያውም ያቀላል። ብቻዋን አትተዋት። የተባይ መርዙንና ገመዱን ከቤት አውጥታችሁ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ሌላም መታወቅ ያለበት ለውጥ አለ። ድሮ መድኃኒቱ የሚታደለው በየወሩ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደህና የሆነ ሰው የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ መውሰድ ይችላል። ይህ ለተሸካሚውም ለጉሊት ነጋዴዋም ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቀን ገቢያቸው አይቀርባቸውም። በሌላ በኩል ግን በወረፋው ላይ ይገናኙ የነበሩት ሰዎች አሁን አይገናኙም። በወረፋው «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል ይገኝ ነበር። በዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ሲያቆም በኤች አይ ቪ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ከሥራቸው ወጥተዋል። የሚጠይቅና የሚመክር ሰው በዚያው ልክ ቀንሷል።

ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ከመርካቶ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ልጅ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ሊያልቅበት ሲል ምክንያት ሳይናገር ይመለሳል። አለዚያም አፍሮ ዝም ይልና ያቋርጣል። ካርዱን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ፣ ይህን መድኃኒት ወደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ቢሄድ እስኪመለስ የሚበቃውን ሊያገኝ ይችላል። ብቻውን መሄድ ከከበደው አብራችሁት ሂዱ።