የእግር ኳስ ሊግ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብና የአገር ቤት ነጋዴ

በደቡብ ኦሞ ገበያ ቀን አለው። ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካና ጂንካ ቅዳሜ ይቆማል። ይህን የወሰነው የመንግሥት ደንብ ሳይሆን የእግር መንገድ ነው። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ከመንደሩ የሚነሣ ሰው ገበያ ደርሶ፣ ሸጦና ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ርቀት ገበያውን ከነቀኑ ተከለው። ከጂንካ ጨርቅና ሳሙና፣ ጨውና ቡና ጭኖ የሚወጣ ነጋዴም ቀኑን ተከትሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ትልቅ ገዢ መጥቶ «ከእንግዲህ አራቱም ገበያዎች አንድ ወር ሙሉ በአንድ ቦታ ይቁሙ፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ» ቢል ማን እንደሚጠቀም፣ ማንስ እንደሚጎዳ ለመገመት ለነጋዴ ሰው አያስቸግረውም።

በእግር ኳስ ውድድር ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ ብዙም አይለይም። ጉዳዩ የስፖርት ወዳጆች ብቻ መስሎ ስለሚታይ በንግድ ጋዜጦች ላይ እምብዛም አይነገርለትም፤ ነገር ግን ከባለሆቴሉ እስከ ሻይ ሻጩ ድረስ የብዙ ሰው ሒሳብ በውስጡ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ. ም. ሲጀመር አሠራሩ ቀላል ነበረ። እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ይጋጠማል፤ አንድ ጊዜ በገዛ ሜዳው፣ አንድ ጊዜ በባላጋራው ሜዳ። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ በኩል ለሚወጣ መንገደኛ የቅርቡ የሊግ ከተማ አርባ ምንጭ ነበረች፤ የአርባ ምንጭ ከተማ ክለብ አንዳንድ ዓመት ወደ ታች እየወረደ፣ አንዳንድ ዓመት እንደገና እየወጣ በሊጉ ሲመላለስ ቆይቷል። ከዚያ አለፍ ሲሉ ሶዶ ላይ በ2010 ዓ. ም. ስመ ጥሩውን የግብፅ ክለብ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተው ወላይታ ድቻ ይገኛል። ጨዋታ በሚኖርበት ቀን ዳቦ ቤቱ ሊጡን ከወትሮው አብልጦ ያቦካል፤ ባጃጁ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከሩቅ የመጣው ደጋፊ ያድራል፣ ይበላል፣ ሲመለስም ለቤቱ አንድ ነገር ሸምቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ገቢ በክለቡ መዝገብ ላይ አይታይም። በክለቡ መዝገብ ላይ የሚታየው የመግቢያ ቲኬት ሽያጭ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከወጪው ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከጊዜ በኋላ ሊጉን የማስተዳደሩ ሥራ ክለቦቹ ራሳቸው ባለ አክሲዮን ለሆኑበት ማኅበር ተላለፈ። ማኅበሩም ከ2013 ዓ. ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ለዐምስት ዓመት የሚቆይ የ22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውል ከመልቲቾይስ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት ጣቢያ ለአፍሪካ ይታዩ ጀመር። ቤትኪንግ የተባለ የውርርድ ድርጅትም ስሙ ከሊጉ ስም ጋር እንዲጠራለት ከፈለ፤ ይህ ስም ግን ከ2015 ዓ. ም. ውድድር በኋላ ከሊጉ ላይ ወርዷል። ለአገራችን እግር ኳስ እንዲህ ያለ ገንዘብ አዲስ ነገር ነበረ። ከዚያ በፊት ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በጀት፣ ከመንግሥት ድርጅቶች ካዝና፣ እንዲሁም ከባለሀብቶችና ከደጋፊዎች መዋጮ ነበረ።

ገንዘቡ ሲመጣ ግን ጨዋታው ቦታውን ለቀቀ። የቴሌቪዥን ካሜራ፣ የማሠራጫ መኪናና የባለሙያ ጓድ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ ማዞር ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹም ሜዳዎች ለዚህ የሚበቃ መብራትና ሣር የላቸውም። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስለነበረ ተመልካችን በየከተማው መሰብሰብም የሚፈቀድ አልነበረም። ስለሆነም ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለጥቂት ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላው ከተማ እንዲሄዱ ተደረገ። በ2013 ዓ. ም. ተራው የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የባሕር ዳር፣ የድሬዳዋና የሐዋሳ ነበረ፤ በሚከተለው ዓመት አዳማ ገባች። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ ሳይለወጥ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተራ የደረሳት ከተማ ከደርዘን በላይ ክለብ ከነተጫዋቾቹ፣ ከነአሠልጣኞቹና ከነሐኪሞቹ ለሳምንታት ተቀብላ ታስተናግዳለች። ለሆቴሉ፣ ለልብስ አጣቢው፣ ለሥጋ ቤቱና ለአትክልት አቅራቢው ይህ ትልቅ ገበያ ነው። አርባ ምንጭ ወይም ሶዶ ያለው ባለሱቅ ግን የገዛ ከተማው ክለብ «በሜዳው» ተጫወተ ሲባል የሚሰማው ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ ነው። ዓርማ ያለበት ሹራብና ሻርፕ ያስመጣው ነጋዴ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቀርቶበታል። ከድካም አንጻር ካየነው የክለቡም ወጪ አልቀለለም፤ አውቶቡሱ ጥቂት ቢመላለስም የሆቴሉ ሒሳብ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቆጠራል። የቴሌቪዥኑ ድርሻ የሆቴሉን ዕዳ ከከፈለ በኋላ ምን ያህል እንደሚተርፍ ለማወቅ የክለቡን መዝገብ የያዘ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

የአባላቱ ቁጥር ጉዳይም አለ። የ2011 ዓ. ም. ሻምፒዮን የነበረው መቐለ ሰባ እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ርቀው ከቆዩ በኋላ በ2017 ዓ. ም. ተመለሱ። ወደ ታች የወረዱት በጨዋታ ተሸንፈው አልነበረምና መመለሳቸው ተገቢ ነበረ፤ ሊጉም በዚሁ የተነሣ ለብዙ ጊዜ ከነበረበት የዐሥራ ስድስት ክለብ ቁጥር አለፈ። ነገር ግን የሒሳቡ መልክ እንዲህ ነው። የዐምስቱን ዓመት ውል ለዓመት ብናካፍለው 4.5 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የማኅበሩን ወጪ ትተን ዐሥራ ስድስት ክለብ እኩል ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 281,250 ዶላር ይደርሰዋል፤ ሃያ ክለብ ቢካፈለው ግን 225,000 ዶላር ብቻ። እንጀራው ያው ሆኖ በገበታው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ሲበዛ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በአንድ አምስተኛ ያንሳል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ጫፍ አድርሰው የሚያሳዩን አሜሪካኖች ናቸው። እነርሱ «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ የምናውቀው አይደለም፤ ኳሱ እንደ እንቁላል የሞለለ ሲሆን በእጅም ተይዞ ይሮጡበታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ እርስ በርሳቸው በዚህ ጨዋታ የሚገጥሙት ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበሮች ተደራጅተው ነው። የጂንካ፣ የአርባ ምንጭና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲዎች ጎረቤት በመሆናቸው አንድ የውድድር ማኅበር ቢያቋቁሙ እንደማለት ነው። ከነዚህ ማኅበሮች አንዱ የሆነው ቢግ ቴን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ. ም. የተመሠረተው በመካከለኛው አሜሪካ ባሉ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በባቡር ተሳፍረው ተጫውተው ይመለሱ ነበረ። ስሙ «ታላቁ ዐሥር» ማለት ነው።

እስከ 1984 ድረስ የትኛው ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነውና የሚሸጠው የመላው አገር የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ብቻ ነበረ። በዚያ ዓመት የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከስሰው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የብቸኛ ሻጭነት መብት አፈረሰው። ነጋዴ እንደሚያውቀው አንድ ሻጭ በነበረበት ገበያ ብዙ ሻጭ ሲገባ መጀመሪያ ዋጋ ይወርዳል፤ ቀጥሎም ሻጮቹ እየተጠቃለሉ ይገዝፋሉ። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። ቢግ ቴን በ2022 ከሦስት የቴሌቪዥን ድርጅቶች ጋር ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የሰባት ዓመት ውል ገባ፤ በ2024 ደግሞ ከፓስፊክ ጠረፍ አራት ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ ዐሥራ ስምንት ሆነ። ስሙ አሁንም «ዐሥር» ነው። ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ከኒው ጀርሲው አባል ጋር ለመጫወት ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበረራል፤ ይህም ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ዐምስት እጥፍ ይበልጣል።

አራቱ የለቀቁት በ1915 የተመሠረተውንና የፓስፊክ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰባሰቡበትን ፓክ 12 ነበረ። ይህ ማኅበር ለቴሌቪዥን ውሉ የተሻለ ዋጋ ሲጠብቅ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ደረሰበት፤ በ2023 አባላቱ አንድ በአንድ ወጥተው ከዐሥራ ሁለቱ ሁለት ብቻ ቀሩ። የቀሩትም ሌሎችን እየጠሩ ማኅበሩን እንደገና ለማቆም ተነሡ። ከወጡት መካከል ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ የተባሉት በፓስፊክ ዳርቻ እያሉ በአትላንቲክ ጠረፍ ስም ከሚጠራው ማኅበር ገቡ፤ ለመግቢያውም ከሌሎቹ ያነሰ ድርሻ ለዓመታት ለመቀበል ተስማሙ። ከዳላስ የመጣው ሌላው ዩኒቨርሲቲ ግን ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለዘጠኝ ዓመት ምንም ላለመውሰድ ፈርሞ ገባ። ሱቅ ለመከራየት ቁልፍ የሚከፍል ነጋዴ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ አዲስ አባል የሚቀበሉት በገበታው ላይ ከሚበላው የበለጠ ይዞ የሚመጣ ሲሆን ነው፤ የማያመጣው ከደጅ ይቀራል፤ ጎረቤትነትና የመቶ ዓመት ወዳጅነት አይቆጠርለትም። በእኛ አገር ሊጉ የሰፋው ስለ ፍትሕ ነው፤ ያመጣው ተጨማሪ ውል ግን የለም። ሁለተኛው መንገድ ለሕዝብ የሚሻል ቢሆንም ጉድለቱን የሚሞላ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የከተማው አስተዳደር፣ አለዚያም የከተማው ነጋዴ ነው።

ጉድለቱን የሚያሰፋው ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ. ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበረ፤ በጎን የሚሰጥ ገንዘብ ስለበዛ ግን ጣሪያው ብዙም እንዳልተከበረ ሲወቀስ ቆይቷል። ቀጥሎ የመጣው ደንብ የክለቡን ጠቅላላ የተጫዋቾች ወጪ የሚገድብ ነው። አሜሪካኖቹም በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ እንዲከፍል ፈቅደው፣ ከዚያ በላይ ከልክለዋል። ገደብ ቢኖርም ባይኖርም የገንዘብ ምንጭ ያለው ይቀድማል፤ በአገራችን የ2016 ዓ. ም. ሻምፒዮን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ዓ. ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ መድን ነበሩ። አንዱ የባንክ፣ ሌላው የኢንሹራንስ ስም መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

በፕሪሚየር ሊጉ የተወዳደረ የጂንካ ክለብ እስካሁን የለም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገበያው ሲፈታ በከተማው ያሉት የቴሌቪዥን ቤቶች ይሞላሉ፤ ወጣቱ የመግቢያ ብሩን ከፍሎ የሚያየው የለንደንንና የማንቸስተርን ቡድን ነው። «የራሳችን ክለብ ቢኖረን» የሚለው ምኞት መልካም ነው፤ አንድ ቀን መዋጮ ሲጠየቅም የጂንካ ነጋዴ እጁን የሚሰበስብ አይሆንም። ነገር ግን ዕቃ ሲያስመጣ ዋጋውን፣ ማጓጓዣውንና የሚረከብበትን ቦታ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ለክለብም ሲያዋጣ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢጠይቅ አይነቀፍም። ክለቡ ወደ ላይኛው ሊግ ቢወጣ ጨዋታውን ጂንካ ላይ ያደርጋል ወይስ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ድሬዳዋ ላይ? ከሚዋጣው ብር ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለሜዳው ሣር፣ አጥርና መብራት ይውላል? ክለቡ ቢወርድ ወይም ቢፈርስስ ያልተከፈለው የሆቴልና የምግብ ቤት ዕዳ በማን ስም ይቀራል? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ምግብ ቤትና ማደሪያ ያላቸውን ይመለከታል፤ በዱቤ ከማስተናገዳቸው በፊት የፈራሚውን ሥልጣንና ማኅተም አስቀድመው ማየት ይኖርባቸዋል።